ሕዝብ ይገዛል ሲባል

በ2017 ዓ.ም. የትንሣኤ ዕለት በቤቴ የተነሣ አንድ ክርክር ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ምክንያት ሆነኝ። የእህቴ ልጅ በአሜሪካ አገር ቨርጂንያ በሚባለው ግዛት ታክሲ እየነዳ ይኖራል። የአገሩን ዜግነት ካገኘ በኋላ በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር በተደረገው የፕሬዚዳንት ምርጫ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰልፎ ድምፁን ሰጥቷል። እንኳን አደረሳችሁ ለማለት ስልክ ደውሎ የሁላችንንም ጤና ከጠየቀ በኋላ ነገሩን ወደ ምርጫው መለሰና፣ «ጋሼ፣ እዚህ አገር የሚገዛው ሕዝብ ነው። ፕሬዚዳንት ልሁን የሚለው ሰው እንኳ የእኔን የባለታክሲውን ድምፅ ሳይለምን ወንበሩ ላይ አይወጣም» አለኝ።

ስልኩ ቤቱ ሁሉ እንዲሰማው ተከፍቶ ነበርና፣ ከአጠገቤ ተቀምጦ ይፈስክ የነበረው የጎረቤቴ ልጅ ዝም ለማለት አልቻለም። ይህ ልጅ 12ኛ ክፍልን ጨርሶ ሥራ ካጣ ሁለት ዓመት የሆነው፣ ንባብ የሚወድ፣ ነገር ግን ልቡ የመረረ ወጣት ነው። «ውሸት ነው! ምርጫ የሚሉት የፈረንጅ ማታለያ ነው። እዚያም የሚገዛው ገንዘብ ነው፤ ለእኛ የሚሰብኩልን እነሱ ዘንድ የሌለውን ነው» አለ። አንዱ ከባሕር ማዶ፣ ሁለተኛው ከመሶቡ ዳር ሆነው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ተከራከሩ። በመጨረሻም ሁለቱም፣ «እስቲ አንቱ ይፍረዱን፤ የታሪክ አስተማሪ ነበሩ አይደለም ወይ?» አሉኝ። እኔም፣ «በበዓል ቀን ክርክር ምን ያደርጋል፤ ቡናው ይቀዘቅዛል» ብዬ አለፍሁት።

ሌሊቱን ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ጥያቄውን የሸሸሁት ስለ በዓሉ ክብር ሳይሆን አጥርቶ የመመለስ ድፍረት ስላጣሁ መሆኑን ኅሊናዬ ያውቅ ነበርና። ደግሞም ጥያቄው ለእኔ አዲስ አልነበረም። ከ50 ዓመት በፊት እዚሁ ይፋግ ላይ አንድ ሽማግሌ በገበያ መካከል ይህንኑ ጠይቀው መልስ አሳጥተውኛል።

ወጣቱ አንባቢ ሆይ፣ ይፋግን ምናልባት ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር ስትጓዝ፣ ከወረታ አልፈህ አዲስ ዘመን ሳትደርስ፣ በመኪና መስኮት አይተሃት ይሆናል። ዛሬ ትንሽ ከተማ ናት። በቀድሞው ዘመን ግን ሲራራ ነጋዴ የሚያርፍባት፣ አሞሌ ጨው የሚመነዘርባት፣ ቀረጥ የሚከፈልባት ስመ ጥር ገበያ ነበረች። ገበያ ባለበት ወሬ አለ፤ ወሬ ባለበትም ጠያቂ አይታጣም። በ1963 ዓ.ም. እኔ በዚያ አካባቢ ታሪክና ግብረ ገብ የማስተምር ወጣት መምህር ነበርሁ። አንድ ቀን ለተማሪዎቼ ስለ እንግሊዝ አገር አስተዳደር ስነግራቸው፣ ለንደንን በዓይኔ ያየሁ ይመስል፣ «በዚያ አገር ንጉሡ በዙፋኑ ላይ ይቀመጣል እንጂ አይገዛም፤ የሚገዛው ሕዝቡ ነው፤ ሕዝቡ ያልፈቀደው ነገር አይደረግም» ብዬ አስተማርሁ። ይህንንም በሰሌዳው ላይ ጽፌ አስገለበጥኋቸው።

ከተማሪዎቹ አንዱ ደብተሩን ወስዶ ለአያቱ አነበበላቸው። አያቱ በ1928 ዓ.ም. ዘምተው የጠላት አውሮፕላን የረጨው መርዝ ክንዳቸውን ያቃጠላቸው፣ ከዚያም አምስቱን ዓመት በዱር በገደል የኖሩ አርበኛ ነበሩ። በሚቀጥለው የገበያ ቀን በትራቸውን ይዘው መጡና በሰው መካከል አስቁመው ጠየቁኝ።

«አንተ አስተማሪው፣ እንግሊዝ አገር የሚገዛው ሕዝቡ ነው ብለህ አስተምረሃል አሉ። እውነት ነው?»

«አዎን አባባ፣ እውነት ነው።»

«እንግዲያ በ28 የሸጠን ማነው? ሕዝቡ ነው?»

«የለም አባባ፣ መንግሥቱ ነው።»

«መንግሥቱስ የማነው? የሕዝቡ ነው አላልህም?»

በዙሪያችን የቆመው ሰው ሳቀ። እኔም ሥራ እንዳለበት ሰው ቸኩዬ ሄድሁ። ሽማግሌው ግን አልሳቁም ነበር። የጠየቁኝ ሊያሳፍሩኝ ሳይሆን ሊያውቁ ፈልገው ነበርና፣ ፊታቸው ዛሬም ድረስ ይታየኛል።

በዚያው ዓመት ክረምት ለመምህራን የሚሰጠውን ትምህርት ለመከታተል አዲስ አበባ ወረድሁ። ከሰዓት በኋላ ጊዜ ሳገኝ ወመዘክር እየገባሁ ስለ 1928 ዓ.ም. የተጻፈውን መፈለግ ጀመርሁ። ያገኘሁት ነገር ከጠበቅሁት የተለየ ሆነ። እኔ የፈለግሁት «እንግሊዞች ከዱን» ወይም «እንግሊዞች አልከዱንም» የሚል አጭር መልስ ነበር። ያገኘሁት ግን የሚከተለው ነው።

ኢጣልያ አገራችንን ለመውረር ስትዘጋጅ፣ በ1927 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር አንድ የግል ማኅበር በጎ ፈቃደኞችን በየቤቱ እየላከ ሕዝቡን ስለ ሰላምና ስለ መንግሥታት ማኅበር ጠየቀ። ይህ የመንግሥት ምርጫ አልነበረም፤ ሆኖም 11 ሚሊዮን ከ600 ሺሕ ያህል ሰው መልስ ሰጠ። ከጥያቄዎቹ አንዱ፣ አንድ መንግሥት ሌላውን በግፍ ቢወርር ሌሎቹ ተባብረው ንግድ በመከልከል ሊያስቆሙት ይገባል ወይ የሚል ነበር። ከ10 ሚሊዮን የሚበልጠው «ይገባል» አለ። አስፈላጊ ሲሆን በጦር ኀይልም ቢሆን ወይ ተብሎ ሲጠየቅ ግን «አዎን» ያለው ወደ 6 ሚሊዮን ከ800 ሺሕ ዝቅ አለ። ይህን ልዩነት ልብ በል፤ በኋላ እመለስበታለሁ። ውጤቱ የተነገረው በሰኔ ወር ነው። በመስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣልያ ጦር መረብን ተሻገረ።

በኅዳር 4 ቀን እንግሊዞች እንደራሴዎቻቸውን መረጡ። የጠቅላይ ሚኒስትሩ የስታንሊ ባልድዊን ወገን ለመራጩ ሕዝብ የተናገረው ቃል፣ የመንግሥታትን ማኅበር እደግፋለሁ፣ ወራሪን እቃወማለሁ የሚል ነበር። ሕዝቡም አምኖ በብዙ ድምፅ መረጠው። ከምርጫው ዕለት እስከ ኅዳር 28 ቀን ሃያ አራት ቀን ብቻ ነው። በዚያ ዕለት የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ሰር ሳሙኤል ሆር ፓሪስ ላይ ከፈረንሳዩ ጠቅላይ ሚኒስትር ከፒየር ላቫል ጋር ተቀምጦ በምስጢር አንድ ሐሳብ ተስማማ። ሐሳቡም ከትግራይ ከፊሉ፣ ከኦጋዴንም ሰፊው መሬት ለኢጣልያ እንዲሰጥ፣ በደቡብ ያለው ብዙ አገር ደግሞ ለኢጣልያኖች ንግድና ሰፈራ እንዲለቀቅ፣ ኢትዮጵያም በምትኩ ወደ ባሕር የሚያወጣ ጠባብ መሬት እንድታገኝ የሚል ነበር። የለንደን ሚኒስትሮችም ሐሳቡን ተቀበሉት። እንግዲህ ሽማግሌው «የሸጠን ማነው» ያሉት ገበያ ይህ ነው።

ወጣቱ አንባቢ፣ እዚህ ላይ የጎረቤቴ ልጅ፣ «አላልሁም!» ብሎ እንደሚነሣ አውቃለሁ። ጥቂት ይታገሥ። ምስጢሩ በጥቂት ቀን ውስጥ በፓሪስ ጋዜጦች ወጣ። ወደ ለንደን በደረሰ ጊዜ የእንግሊዝ ሕዝብ ተቈጣ። ደብዳቤው ወደ እንደራሴዎቹ እንደ ጎርፍ ይጎርፍ ጀመር። የጻፉት ስለ ኢትዮጵያ ከካርታ በቀር የሚያውቁት የሌላቸው፣ አክሱም የት እንደ ሆነች አደዋ የት እንደ ሆነች የማይለዩ ሰዎች ነበሩ። «የመረጥናችሁ ለዚህ አይደለም» ነው ነገሩ። የመንግሥቱ ደጋፊ የነበሩት እንደራሴዎች እንኳ ፈሩ። በታኅሣሥ 8 ቀን 1928 ዓ.ም. ሰር ሳሙኤል ሆር ከሥልጣኑ ወረደ፤ የስምምነቱም ወረቀት ተቀደደ። በእሱ ፋንታ አንቶኒ ኢደን ተሾመ። ይህንን ሳነብ በወመዘክር ወንበር ላይ ተቀምጬ ዓይኔ እንባ እንዳቀረረ አልሸሽግም። አንድ ሚኒስትር ስለ ሩቅ አገር ሕዝብ መብት ብሎ የራሱ ሕዝብ ሲያወርደው፣ ያውም ያለ ጥይት፣ በወረቀትና በቀለም፣ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ነገር ግን ታሪኩ እዚያ ላይ አላለቀም። ሚኒስትሩ ወረደ፤ ሥራው ግን እንደ ነበረ ቀጠለ። በኢጣልያ ላይ የተጣለው የንግድ ክልከላ ነዳጅን አልጨመረም፤ መኪናውና አውሮፕላኑ የሚንቀሳቀስበት ነዳጅ መግባቱን አላቋረጠም። ወታደርና መሣሪያ የጫኑት መርከቦቻቸውም በእንግሊዝና በፈረንሳይ እጅ በነበረው በስዌዝ ቦይ ቀረጥ እየከፈሉ በሰላም አለፉ። በሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ተያዘች። በሰኔ 23 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ጄኔቭ ላይ ቆመው አቤት ሲሉ፣ ማኅበሩ ክልከላውን ለማንሣት ተዘጋጅቶ ነበር፤ በሐምሌም አነሣው። በ1931 ዓ.ም. ኅዳር ወር የእንግሊዝ መንግሥት የኢጣልያን ንጉሥ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ብሎ ተቀበለ። ሳሙኤል ሆርስ? ከወረደ ስድስት ወር ሳይሞላው የባሕር ኀይል ሚኒስትር ሆኖ ወደዚያው ሸንጎ ተመለሰ። ያ ሁሉ ደብዳቤ የጻፈ ሕዝብ በዚያን ጊዜ ወደ ሌላ ጉዳይ ዞሮ ነበር።

አሁን ወደ ተውሁት ቍጥር ልመለስ። ንግድ ይከልከል ሲባል 10 ሚሊዮን፣ ጦር ይላክ ሲባል ከ7 ሚሊዮን በታች። የእንግሊዝ ሕዝብ ልቡ አንድ አልነበረም። ወራሪው ይቀጣ ይላል፤ ልጄ ግን አይሙት ይላል። ከታላቁ የኤውሮፓ ጦርነት ገና 17 ዓመቱ ነበርና በየቤቱ የሞተ ልጅ ፎቶግራፍ ተሰቅሎ ነበር። በዚህ ላይ የሚፈርድ ሰው ራሱን አስቀድሞ ይመርምር። ሚኒስትሮቹ የሕዝቡን ሁለት ልብ አይተው፣ ፊት ለፊት «ከሁለቱ አንዱን ምረጡ» ብለው በመጠየቅ ፋንታ፣ በምርጫ ጊዜ የመጀመሪያውን ተናገሩ፤ በምስጢር ክፍል ሁለተኛውን ሠሩ። በእኔ ግምት የዛሬውም የምዕራብ መንግሥት ሁሉ ደዌ ከዚህ ይጀምራል። ሕዝቡ የሚሾመውና የሚሽረው ነው፤ በሹመትና በሽረት መካከል ያለው ሥራ ግን አብዛኛው ሕዝቡ በሌለበት ክፍል ይሠራል።

የእህቴ ልጅ ይህ የድሮ ነው ይል ይሆናል። ድሮ ብቻ አይደለም። በ2016 ዓ.ም. ሰኔ ወር በእንግሊዝ አገር በተደረገው ምርጫ አሸናፊው ወገን ያገኘው ድምፅ ከመቶ 34 ያህል ነበር፤ በምክር ቤቱ የያዘው ወንበር ግን ከ650 ውስጥ 411 ነው። በየወረዳው አንደኛ የወጣው ብቻ ወንበሩን ስለሚወስድ፣ የሁለተኛውና የሦስተኛው ድምፅ ሜዳ ላይ ይቀራል። ከዚያም በላይ ሌላ ምክር ቤት አለ፤ አባሎቹን ሕዝብ የማይመርጣቸው። በራሱ በአሜሪካ በ2009 ዓ.ም. የተመረጠው ፕሬዚዳንት ከተሸነፈችው ተወዳዳሪ ወደ 2.9 ሚሊዮን ያነሰ ድምፅ አግኝቶ ነው የተመረጠው፤ ምክንያቱም ቈጠራው በየግዛቱ እንጂ በጠቅላላው አይደለም። 39 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ያለበት ካሊፎርንያና 600 ሺሕ የማይሞላ ሕዝብ ያለበት ዋዮሚንግ ወደ ሴኔት የሚልኩት ሰው እኩል ሁለት ሁለት ነው። ስለ ገንዘብም የጎረቤቴ ልጅ ያለው ከንቱ አይደለም። በ2002 ዓ.ም. የአገሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ ኩባንያዎች ለተወዳዳሪው በእጁ እስካልሰጡ ድረስ ለምርጫ ቅስቀሳ የፈለጉትን ያህል ገንዘብ ሊያወጡ ይችላሉ ብሎ ፈርዷል። ባለታክሲውና ባለኩባንያው በድምፅ መስጫው ሣጥን ፊት እኩል ናቸው፤ ወደ ሣጥኑ እስኪደርሱ ባለው መንገድ ላይ ግን እኩል አይደሉም።

በ1995 ዓ.ም. የካቲት ወር በለንደን ከተማ የኢራቅን ጦርነት በመቃወም የወጣው ሰልፍ፣ የሚቀንሰውም የሚያበዛውም ቢኖር፣ በዚያች ከተማ ከታዩት ሰልፎች ሁሉ ታላቅ ከሚባሉት ነው። በሚቀጥለው ወር ጦርነቱ ተጀመረ።

አንድ ነገር ግን ይበልጥ ወደ ልቤ ይቀርባል። በግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. እኔ እዚህ ከሌሊቱ ጀምሮ ሰልፍ ይዤ ድምፄን ሰጠሁ። አሮጊቶች ነጠላቸውን ደርበው፣ መብራት በሌለበት ጨለማ፣ እንደ ጥምቀት ሌሊት በእርጋታ ቆመው ነበር። ከዚያ ምርጫ በኋላ በሰኔና በተከታዩ ጥቅምት አዲስ አበባ ላይ የሆነውን፣ የፈሰሰውንም ደም፣ ታላላቆችህ ይነግሩሃል። በዚያው በግንቦት ወር፣ በ21ኛው ቀን፣ የፈረንሳይ ሕዝብ ለኤውሮፓ ማኅበር የተዘጋጀውን ሕገ መንግሥት ትቀበላለህ ወይ ተብሎ ተጠይቆ፣ ከመቶ 55 ያህሉ «አልቀበልም» አለ። ከሦስት ዓመት በኋላ በ2000 ዓ.ም. ስሙ ተለውጦ፣ ፍሬ ነገሩ ግን አብዛኛው እንዳለ ሆኖ፣ ሌላ ውል ቀረበ። በዚህ ጊዜ ሕዝቡ አልተጠየቀም፤ ምክር ቤቱ አጸደቀው። እኔ እነዚህን ሁለት የግንቦት ቀኖች ሳስተያይ እዘገያለሁ። እዚያ «አይሆንም» ያለው ሰው አልተሰማም፤ ሆኖም በሚቀጥለው ቀን ወደ ሥራው ሄደ፣ ማታም ልጆቹን ሳመ። አለመሰማት በደል ነው። ከሌላው በደል ጋር ግን አንድ ሚዛን ላይ አይቀመጥም። የጎረቤቴ ልጅ «ሁሉም ያው ነው» ሲል የማልስማማው በዚህ ነው።

ለእህቴ ልጅ ደግሞ የማስታውሰው ሌላ ነገር አለ። እነዚህ መንግሥታት ዛሬ የሚመኩበትን መብት የቀድሞ ገዢዎቻቸው በፈቃዳቸው አልሰጡም። በእርሱ አገር በደቡቡ ክፍል የሚኖረው ጥቁር ሕዝብ ያለ መሰናክል ድምፅ እንዲሰጥ የሚያዝዘው ሕግ የወጣው በ1957 ዓ.ም. ነው፤ ያውም ከብዙ ድብደባና እስራት በኋላ። የስዊስ ሴቶች ለአገሪቱ ምክር ቤት ድምፅ ለመስጠት የተፈቀደላቸው በ1963 ዓ.ም. ነው፤ ይኸውም እኔ ይፋግ ላይ በሰሌዳ ስጽፍ በነበረበት ዓመት! በእኛ አገር በ1948ቱ ሕገ መንግሥት መሠረት የመጀመሪያው ምርጫ በ1950 ዓ.ም. ሲደረግ ሴቶችም መርጠዋል፤ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩም ተመርጠው የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባል ሆነዋል። ይህን ስታነብ እንዳትኮራ እፈራለሁ። በዚያ ምርጫ የፖለቲካ ማኅበር የሚባል አልነበረም፣ ንብረት የሌለው ሰው መወዳደር አይችልም ነበር፣ ሕግ መወሰኛ የሚባለውን ሁለተኛውን ምክር ቤት የሚሾሙትም ንጉሠ ነገሥቱ ነበሩ። በወረቀት እኛ ከስዊስ 13 ዓመት ቀደምን። በሥራ ግን የስዊስ ገበሬ ወንዱ ብቻውን ሆኖ እንኳ የመንደሩን ግብር ይወስን በነበረበት ጊዜ፣ የእኛ ገበሬ ግብሩን ይከፍል ነበር እንጂ አይወስንም ነበር።

አሁን ስለ ራሴ የምናገረው አለኝ፤ ብሸሽገው ይህን ሁሉ የጻፍሁት በሌላው ለመፍረድ ይሆንብኛል። ከጡረታ በኋላ የሰፈራችን ዕድር ሰብሳቢ አድርጎ መረጠኝ። ምርጫው የጠራ ነበር፤ ሰው ሁሉ በግልጥ እጁን አውጥቶ መረጠ። አደራውም ግልጥ ነው፤ ድንኳኑን፣ አግዳሚ ወንበሩን፣ ድስቱንና ብሩን መጠበቅ፣ ሰው ሲሞት ማስቀበር። አንድ ዓመት ሳይሞላ እኔና ገንዘብ ያዡ ተመካከርንና፣ ብሩ ተቀምጦ ከሚውል ይሠራበት ብለን፣ ከፎገራ ሩዝ እየገዛ ለሚነግድ አንድ ሰው 18,000 ብር አበደርን። ለራሳችን አንዲት ሳንቲም አልያዝንም። ትርፉን ይዘን ስንመጣ አባላቱ ይደሰታሉ ብለን ነበር። ለምን አልጠየቅናቸውም ቢባል፣ ብንጠይቃቸው እንቢ እንደሚሉ ስለምናውቅ ነው። ይህችን ሐረግ ስጽፍ እጄ ይከብደኛል።

ወሬው ገበያ ላይ ወጣ። በሚቀጥለው ስብሰባ ገና ሳልጨርስ አንዲት ባልቴት ተነሡ። «መምህር፣» አሉኝ፣ «እኛ አንቱን የመረጥንዎ ብራችንን እንዲጠብቁልን ነው። መጠየቅ ቢፈሩን ኖሮ መልካም ነበር፤ አንቱ ግን የናቁን መሰለኝ።» እኔም ስለ ትርፍና ስለ ዋጋ መናር ለማስረዳት ጀመርሁ፤ ከእነሱ ይልቅ እንደማውቅ፣ እንደ ተማርሁ፣ ለእነሱ ብዬ እንዳደረግሁት። ያን ጊዜ የሰር ሳሙኤል ሆር ስም ድንገት ትዝ አለኝና አፌ ተሳሰረ። እርሱም በምክር ቤቱ ቆሞ ለሰላም ብዬ ነው ያደረግሁት ብሎ ነበርና።

ዕለቱን ሻሩኝ። ብሩ ግን በነጋዴው እጅ ነበር። የዚያን ዓመት ሩዝ ዋጋው ወርዶ ከስሮ ስለ ነበር ከግማሽ የሚበልጠው ሳይመለስ ሁለት ክረምት አለፈ፤ በመካከሉም ሦስት ሰው ሲሞት ዕድሩ ለቀብሩ ከየቤቱ መዋጮ ለመለመን ተገደደ። እኔን መሻር ችለዋል፤ ያደረግሁትን ግን መሻር አልቻሉም። በዓመቱ ደግሞ መዝገብ የሚጽፍ ሰው ስለ ታጣ መልሰው ጸሐፊ አድርገው መረጡኝ። እኔም እሺ አልሁ። የጎረቤቴ ልጅ ይህን አያውቅም ነበር፤ አሁን ያነበዋል።

ዕድሩ ከዚያ ወዲህ አንድ ደንብ አወጣ፤ ከ500 ብር በላይ የሚወጣ ገንዘብ በስብሰባ ሳይነገር አይወጣም። ሰብሳቢ የሆነ ሰው ሁሉ በዚህ ደንብ ያጉረመርማል። እኔም ጸሐፊ ሆኜ አጉረምርሜአለሁ፤ ድንኳን የሚቀደደው ስብሰባ እስኪጠራ አይጠብቅምና። ባልቴቲቱ ግን እስኪሞቱ ድረስ ደንቡ ሳይነበብ ስብሰባ እንዲጀመር አይፈቅዱም ነበር።

የሽማግሌውን አርበኛ ነገር ሳልጨርስ ወዲህ መጣሁ። በ1964 ዓ.ም. መስከረም ከአዲስ አበባ እንደ ተመለስሁ ወደ ቤታቸው ሄድሁ። ጠላ ቀድተው አስቀመጡኝና በደብተሬ የጻፍሁትን ሁሉ፣ ድምፁንም፣ ምስጢሩንም፣ ደብዳቤውንም፣ አነበብሁላቸው። አንድ ጊዜ እንኳ አላቋረጡኝም። ከጨረስሁ በኋላ፣

«ሚኒስትሩስ በዚያው ቀረ?» አሉኝ።

«የለም አባባ፣ ስድስት ወር ሳይሞላው ተሾመ።»

ሳቁ። ሹም መሾሙ አላስደነቃቸውም ነበር። ዋንጫውን ካስቀመጡ በኋላ ግን እኔ ያላሰብሁትን ጠየቁኝ።

«ደብዳቤውን የጻፉት ስማቸው ማን ይባላል?»

«እጅግ ብዙ ናቸው አባባ፤ ስማቸው አልተጻፈም።»

«ወንዶች ናቸው ሴቶች?»

«ሁሉም ናቸው።»

ብዙ ዝም አሉ። የልጅ ልጃቸው ጠላ ሊደግመኝ ማንቆርቆሪያውን ይዞ ሲመጣ በእጃቸው አስቆሙትና፣ «እኔ እኮ ሠላሳ ስድስት ዓመት ሙሉ እንግሊዝን አንድ ሰው አድርጌ ስረግመው ኖርሁ» አሉኝ።

ከዚያ ወዲያ ነገሩ ሲነሣ በሰው ፊት የሚረግሙት ሚኒስትሩን ለብቻው፣ በስሙ እየጠሩ ነበር። ስሙን ግን ማስተካከል አልሆነላቸውም፤ «ሆራ» ነበር የሚሉት።